ሐምራዊው ምስክር

ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሴየም በሞቃታማ አገሮች አፈርና ውሃ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሲያድግ ደማቅ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል። ቀለሙን የሚያወጣው ግን ቁጥሩ ከበዛ በኋላ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ወደ ውጭ የሚለቀው ትንሽ ሞለኪውል በዙሪያው ሲጠራቀም ነው። በ1997 የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ስለ አንድ የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ ጽፈው አሳተሙ። ስሙ ሲቪ026 ነው። ሞለኪውሉን የሚሠራለት ጂን ተሰብሯል፤ የሚቀበልበት ፕሮቲን ግን እንዳለ ነው። ብቻውን ሲያድግ ገርጥቶ ይቀራል። ሞለኪውሉን የሚያመነጭ ሌላ ባክቴሪያ ሲጎራበተው ሐምራዊ ይለብሳል።

ለሙከራው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አጋር የፈሰሰበት ሳህን፣ በእሳት የተለበለበ ሽቦ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ የተቀመጠ ኢንኩቤተር፣ አንድ ሌሊት። የተጠረጠረው ባክቴሪያ በሳህኑ ላይ በአንድ መስመር ይሰመራል። ሲቪ026 ደግሞ ወደዚያ መስመር አቅንቶ፣ ሊነካው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንዲያበቃ ተደርጎ ይሰመራል። በማግሥቱ ሳህኑ ሲወጣ ሁለቱ መስመሮች እንደተለያዩ ናቸው። የሲቪ026 ቅርቡ ጫፍ ግን ጠቆር ያለ ሐምራዊ ሆኗል፤ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ጅራቱ ጋ ስንደርስ የለም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥርት ያለ ነው። ዓይን አጋሩን ቢፈትሽ አንዳች አያገኝበትም። ያለፈው ነገር የሚታየው በደረሰበት ላይ ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ ሳህን የማልላቀቅበት ምክንያት አለኝ። የሌላውን ይሰማ ዘንድ የራሱ ንግግር መጥፋት ነበረበት። ጤነኛው ክሮሞባክቴሪየም ለምስክርነት አይበቃም፤ ሐምራዊ ሆኖ ቢገኝ የሰማው ራሱን ይሁን ጎረቤቱን ማንም ሊለይ አይችልም። ሲቪ026 ከራሱ የሚያዋጣው ስለሌለ ቀለሙ ከውጭ ስለመጣ ነገር ይመሰክራል። ታዲያ ምን ብሎ መሰከረ? «ተነጋገሩ» አላለም። «አንድ ነገር ደረሰኝ፤ ቀለም አወጣሁ» ነው ያለው። ከዚህች አጭር ቃል ተነስቶ «ባክቴሪያዎች ይነጋገራሉ» እስከሚለው ትልቅ ዓረፍተ ነገር ያለው መንገድ ረጅም ነው። ብዙ የሳይንስ ጽሑፍ ይህን መንገድ በአንድ እርምጃ ሲዘልለው አያለሁ፤ እኔ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከብርሃን ነው። ዛሬ አሊቪብሪዮ ፊሸሪ የሚባለው የባሕር ባክቴሪያ፣ በሃዋይ ዳርቻ በምትኖር ትንሽ ስኩዊድ አካል ውስጥ ተጠራቅሞ ሌሊት ሌሊት ያበራል። ጎሕ ሲቀድ ስኩዊዷ 95 በመቶ ያህሉን ወደ ባሕር ታስወጣዋለች፤ የቀሩት ቀኑን ሙሉ ተራብተው እስኪመሽ ቦታውን ይሞሉታል። በሰፊው ባሕር ላይ ተበታትኖ የሚንሳፈፈው ያው ባክቴሪያ ግን አያበራም ማለት ይቻላል። በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥም ጠባዩ ይኸው ነው። አዲስ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር ወዲያው መራባት ይጀምራል፤ ብርሃኑ ግን ለሰዓታት ይዘገይና ድንገት ይፈነዳል።

ለዚህ መዘግየት በ1968 ኬምፕነርና ሃንሰን የሰጡት ማብራሪያ ፈጽሞ የማይናቅ ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ብርሃንን የሚያግድ ነገር አለ፤ ባክቴሪያዎቹ ቀስ በቀስ ያስወግዱታል፤ ሲያልቅ ያበራሉ አሉ። በ1970 በሃርቫርድ ኬኔት ኒልሰን፣ ቴሪ ፕላትና ውድላንድ ሄስቲንግስ ሌላ መልስ አመጡ፤ ከፈሳሹ የጎደለ ሳይሆን የተጨመረ ነገር አለ የሚል። ባክቴሪያ ሲኖርበት ቆይቶ የተጣራ ፈሳሽ ለአዲስ ባክቴሪያ ሲሰጥ ብርሃኑ ቀድሞ መጣ። ልብ ይባል፣ ሁለቱም ወገኖች ያዩት አንድ ዓይነት የግራፍ መስመር ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ቆይቶ ሽቅብ የሚወጣ። መስመሩ ራሱ «ተጨመረ» ወይም «ተቀነሰ» አይልም። የሚያናግረው ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

ከእነርሱም በፊት፣ በ1965፣ አሌክሳንደር ቶማሽ የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ ከአካባቢው ዲኤንኤ ለመቀበል የሚዘጋጀው ሕዋሶቹ ራሳቸው በሚያወጡት፣ ሆርሞን በሚመስል ነገር ተነሳስተው መሆኑን አሳይቶ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ባክቴሪያ ብቸኛ ፍጡር ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበርና። በ1981 አናቶል ኤበርሃርድና ባልደረቦቹ የብርሃኑን ሞለኪውል ማንነት ለዩ፤ የሆሞሴሪን ላክቶን ቀለበት ላይ የስድስት ካርቦን ጅራት የተቀጠለበት ትንሽ ነገር። በ1994 ደግሞ ፉኳ፣ ዊናንስና ግሪንበርግ በጻፉት ጽሑፍ ክስተቱ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አገኘ፤ ምልዐተ ጉባኤ መሙላቱን ማወቅ እንደ ማለት። የዕድር ጉባኤ አባላት ካልተሟሉ ውሳኔ አያሳልፍም፤ ባክቴሪያውም ቁጥሩ ሳይሞላ ብርሃን፣ መርዝ ወይም ኢንዛይም አያወጣም ነው ነገሩ። በዕድር ግን ስም የሚጠራ ጸሐፊ አለ። እዚህ የሚቆጥር የለም፤ ያለው የሚጠራቀም ነገር ብቻ ነው።

ሞለኪውሉን ራሱን መያዝ ሌላ ሥራ ነው። ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከርና ሕዋሱ ከታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ጥሩ ፈሳሽ ጥቂት አሲድ ጠብ ከተደረገበት ኢታይል አሲቴት ጋር ይናጣል። ሁለቱ ፈሳሾች ስለማይዋሃዱ ተለያይተው ይቆማሉ፤ ሞለኪውሉ ወደ ኢታይል አሲቴቱ ይሻገራል። ያ ተንኖ ሲያልቅ ከብርጭቆው ግርጌ የምትቀረው ለዓይን የማትሞላ ጭላጭ ናት። አሲዱ የገባው በምክንያት ነው። የላክቶኑ ቀለበት በአልካሊ ውስጥ ይከፈታል፤ የተከፈተው ሞለኪውል ደግሞ ተቀባዩን አያነቃም። ብዙ ባክቴሪያ እያረጀ ሲሄድ የኖረበትን ፈሳሽ ራሱ ወደ አልካሊ ያዘነብለዋል። ትናንት ያወጣውን ዛሬ በገዛ እጁ ያፈርሳል ማለት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ተመራማሪ ናሙናውን ለሲቪ026 ቢሰጥ ቀለም ላያይ ይችላል፤ ያ ግን ቀድሞም ምንም አልነበረም ማለት አይደለም። ደግነቱ፣ አሲድ ሲጨመር ቀለበቱ ተመልሶ ይገጥማል።

ጭላጩ ውስጥ ስንት ዓይነት ሞለኪውል እንዳለ ለማወቅ በ1997 ሾውና ባልደረቦቹ የገለጹት ዘዴ አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ እርሱ ነው። በቅባት መሰል ሽፋን የተለበጠ ስስ የብርጭቆ ሰሌዳ ታች ጠርዝ ላይ ጠብታዋ ትቀመጣለች። ሰሌዳው ስድስት እጅ ሜታኖል፣ አራት እጅ ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ ይቆማል። ፈሳሹ ሽቅብ ሲሳብ ሞለኪውሎቹን ይዞ ይወጣል፤ ጅራተ አጭሩ ርቆ ይሄዳል፣ ጅራተ ረጅሙ ሽፋኑን የሙጥኝ ብሎ ኋላ ይቀራል። ሰሌዳው ሲደርቅ ባዶ ነው። ከዚያ ገና ሞቅ ያለ አጋር ይፈስበታል፤ አጋሩ ውስጥ አግሮባክቴሪየም ቱሜፋሺየንስ የተባለ ሌላ ሰሚ ባክቴሪያ ተደባልቋል፣ ሲነቃ ሰማያዊ የሚሆን ቁስም አብሮት አለ። በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች በየቦታቸው ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ ክብ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ዕንባ ወደ ታች ተጎትተዋል፤ ዕንባ መሰሎቹ በሦስተኛው ካርቦናቸው ላይ ኦክስጅን በድርብ ትስስር የያዙት ናቸው። ከቅርጹ ብቻ ሞለኪውሉን መጠርጠር ይቻላል። ኬሚስቱ ለየ፣ ባክቴሪያው አነበበ። የሁለቱ ሥራ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኘ።

መገናኘታቸው የግድ የሆነው ሁለቱም ለየብቻቸው ጎደሎ ስለሆኑ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሉን ሰባብሮ ስብርባሪውን ይመዝናል። ከዚህ የላክቶን ቤተሰብ የሆነ ሁሉ ሲሰበር 102 የሚል ክብደት ያለው ቁራጭ ይሰጣል፤ የቀለበቱ አሻራ ነው። ማሽኑ ጅራቱ ስንት ካርቦን እንዳለው፣ ናሙናው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በትክክል ይነግረናል። ያ ነገር ማንንም ያነቃ፣ ማንንም ያስቆም እንደሆነ ግን አያውቅም። ለእርሱ ከሌላው ሺህ ሞለኪውል የሚለየው ክብደቱ ብቻ ነው። ሲቪ026 በበኩሉ መነቃቱን ያውቃል፤ በማን እንደነቃ አያውቅም።

እንዲያውም ይሳሳታል። ሳይክሊክ ዳይፔፕታይድ የሚባሉ፣ ከሁለት አሚኖ አሲድ የተሠሩ ትንንሽ ቀለበቶች አሉ። ከላክቶኑ ቤተሰብ አይደሉም። በርከት ሲሉ ግን አንዳንዶቹን ሰሚ ባክቴሪያዎች ይቀሰቅሳሉ። ይህ በ1999 ከታተመ በኋላ «ቀለም ታየ፣ ስለዚህ ላክቶን አለ» ብሎ መደምደም ቀረ፤ ቢያንስ መቅረት ነበረበት። በሌላ በኩል፣ ጅራታቸው ከስምንት ካርቦን የሚረዝም ሞለኪውሎች ሲቪ026ን አያነቁትም። ተቀባዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ግን ያፍኑታል። ተመራማሪዎቹ ይህን ጉድለት መልሰው ወደ ዘዴ ለወጡት። ሲቪ026ን አስቀድሞ በአጭሩ ሞለኪውል ሐምራዊ አድርጎ ረጅሙን ማቅረብ፤ ረጅሙ በደረሰበት ዙሪያ ሐምራዊው ይጠፋና ነጭ ክብ ይወጣል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እዚህ ግን ዝምታው ራሱ መረጃ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከመነሻው የሚያወራ ስለነበር ብቻ።

እስካሁን የተነሳው ምስክር ከራሱ የሚያወጣው የሌለው ነው። ቦኒ ባስለርና ባልደረቦቿ ኤአይ-2 ለተባለው ሌላ ሞለኪውል የተጠቀሙበት ቢቢ170 ግን እንዲህ አይደለም። የሚያበራ የባሕር ባክቴሪያ ነው፤ ሌላው መስሚያው ተሰብሮ ኤአይ-2ን የሚሰማበት ቀርቷል። ሞለኪውሉን ራሱም ይሠራል። በጣም ቀጥኖ ሲጨመር መጀመሪያ ላይ ይጨልማል፤ ከናሙናው ኤአይ-2 ካገኘ ቶሎ ያበራል። ሰዓታት ካለፉ ግን ናሙና ያልተሰጠውም ጭምር የራሱን አጠራቅሞ ማብራት ይጀምራል። ስለዚህ ንባቡ የሚወሰደው ናሙና ያልተሰጠው ባክቴሪያ እጅግ በጨለመበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ምስክሩ ራሱን እየሰማ ነው። ናሙናው ውስጥ የቀረ ግሉኮስ ወይም አሲድም ብርሃኑን ያዛባዋል። ዘዴውን አልናቅሁትም፤ ብዙ ያስተማረ ዘዴ ነው። የመስማትን ሰዓት እንዲህ በግልጽ የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ አላውቅም።

ኤአይ-2 ደግሞ ከዘዴው የሚብስ ጥያቄ ይዞ መጣ። በእጅግ ብዙ የባክቴሪያ ዓይነቶች ውስጥ ስለሚገኝ የሁሉም የጋራ ቋንቋ ነው ተብሎ ተነገረ፤ በ2002 ደግሞ ከተቀባዩ ጋር ሲጣበቅ ቦሮን የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ መታየቱ ዝናውን ጨመረው። ነገር ግን ሞለኪውሉን የሚሠራው ኢንዛይም፣ ሉክስኤስ፣ ሌላ የዕለት ሥራ አለው። ሕዋሱ ውስጥ የሚጠራቀም ጎጂ ተረፈ ምርት ሲበታተን አንዱን ደረጃ የሚሠራው እርሱ ነው። ኤአይ-2 ከዚያ ሥራ ይወጣል። እንግዲህ ከሕዋሱ የወጣው ቃል ነው ወይስ እጣቢ? ቢቢ170 ለሁለቱም እኩል ያበራል። ጂኑን ሰብሮ ጠባዩ ተለወጠ ማለትም አይበቃም፤ የተለወጠው ወሬው ስለተቋረጠ ይሁን ጽዳቱ ስለታጎለ፣ ተመልሶ መጠየቅ አለበት።

ይህን ጥርጣሬ ወደ ሥሩ ያወረደችው ሮዝመሪ ሬድፊልድ ናት። በ2002 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ባክቴሪያው ቁጥር እየለካ ላይሆን ይችላል አለች። አንድ ሕዋስ ውድ ኢንዛይም ወደ ውጭ ከማፍሰሱ በፊት የሚያወጣው ነገር በውሃ ተጠርጎ ይሂድ ወይስ በአጠገቡ ይቆይ ማወቅ ይጠቅመዋል። ርካሽ ሞለኪውል ጥቂት ይለቃል፤ ከቆየለት ኢንዛይሙን ያወጣል፤ ካልቆየ ይታቀባል። ለዚህ ጎረቤት አያስፈልግም። ብዙ ሕዋሶች አንድ ላይ ሲሆኑ የሞለኪውሉ መጠን ከፍ ማለቱ በዚህ አነጋገር እንዲያው የሚከተል ነገር ነው።

ሙከራውም መጣ። በ2009 የሩስተም ኢስማጊሎቭ ቡድን ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን በፌምቶ ሊትር በምትለካ፣ ለዓይን በማትታይ ጠብታ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ሕዋስ አድርጎ ዘጋ። በአብዛኛው ባይሆን በከፊሉ፣ ብቸኛው ሕዋስ «ሞልተናል» የሚያሰኘውን ጂን አበራ። በዓመቱ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስም ለብቻው ታሽጎ እንዲሁ አደረገ። ከሦስት የማይበልጥ ጉባኤ ውሳኔ አሳለፈ። ይህን ሳነብ ሬድፊልድ ረታች ብዬ ነበር። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ጠባብ ቤት ውስጥ የተለየ ነገር ማንበቡ፣ በሰፊው ቤት የሚያነበውን ከንቱ አያደርገውም።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከአጭበርባሪዎች ነው። ፕሱዶሞናስን ፕሮቲን ብቻ እየመገቡ ሲያሳድጉት፣ ምግቡን ለመፍጨት በሞለኪውሉ ትእዛዝ የሚወጣ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። በ2007 ሁለት ቡድኖች እንዳሳዩት፣ መስሚያቸው የተሰበረ ሕዋሶች በእንዲህ ያለ ማሳደጊያ ውስጥ ይበዛሉ። ኢንዛይሙን አያወጡም፤ ሌሎች ያወጡት የፈጨላቸውን ይበላሉ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ካለባቸው ሕሙማን ሳንባ የሚወሰደው ፕሱዶሞናስም ብዙ ጊዜ ይህ መስሚያ ተሰብሮ ይገኛል። ማጭበርበር ካለ የሚጭበረበር የጋራ ነገር አለ ማለት ነው። ነጠላ ሕዋስ የራሱን ዙሪያ ብቻ እየመረመረ ከሆነ፣ ሌላው በነፃ የሚበላው ከየት መጣ? እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ወደሚል አዘነብላለሁ፤ ነገሩ በምርመራ ጀምሮ፣ ብዙዎች አብረው ሲኖሩ በጋራ ጉዳይነት የጸና ይመስለኛል። ይህ ግን ከሳህኑ ላይ የተነበበ አይደለም።

ሜናርድ ስሚዝና ሃርፐር በ2003 መጽሐፋቸው ምልክትን ከፍንጭ የለዩበት መስፈርት አለ። ምልክት የሌላውን ጠባይ የሚለውጥ፣ ለዚያም ሲል በዝግመተ ለውጥ የተቀረጸ፣ ተቀባዩም ምላሹ ለዚሁ የተቀረጸለት ነው። ፍንጭ ግን ሰሚው የሚጠቀምበት፣ ባለቤቱ ለእርሱ ብሎ ያላወጣው ነው። ዱካ ፍንጭ ነው። ይህ መስፈርት በአንድ ሌሊት ኢንኩቤተር ውስጥ አይለካም፤ ታሪክ ይጠይቃል።

በተፈጥሮ የተሠራ ሲቪ026 መኖሩ ጉዳዩን ያከረዋል። ሳልሞኔላ ላክቶን የሚሠራበት ጂን የለውም፤ ላክቶን የሚሰማበት ኤስዲአይኤ የተባለ ፕሮቲን ግን አለው። የቅርብ ዘመዱ ኢ ኮላይም እንዲሁ ነው። ማንም አልሰበረባቸውም። የሳልሞኔላ ጆሮ መቼ እንደሚነቃ ለማወቅ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብራያን አመር ቡድን የተጠቀመበት ዘዴ ከቀለምም ከብርሃንም ይለያል። ኤስዲአይኤ ሲነቃ አንድ ኢንዛይም እንዲሠራ፣ ኢንዛይሙም የቴትራሳይክሊን መቋቋሚያ ጂንን ከክሮሞዞሙ ቆርጦ እንዲጥል አደረጉ። የተቆረጠው አይመለስም። ባክቴሪያው በእንስሳ አንጀት ውስጥ አልፎ፣ ከዓይነ ምድር ተለቅሞ፣ ቴትራሳይክሊን ባለበትና በሌለበት ሳህን ላይ ይዘራል። በመጀመሪያው ላይ ያላደገው፣ በጉዞው አንድ ቦታ ላይ ሰምቷል።

በ2008 እንደታተመው፣ ጊኒ ፒግ፣ ጥንቸል፣ ላም፣ አሳማ፣ ዶሮና አይጥ ውስጥ ያለፈው ሳልሞኔላ መቋቋሚያውን እንደያዘ ወጣ። ኤሊ ውስጥ ያለፈው ግን ጣለው። ኤሊዎቹ አንጀት ውስጥ ላክቶን የሚያወጣው አይሮሞናስ ሃይድሮፊላ ሰፍሮ ተገኘ። አይሮሞናስ ለዘመዶቹ ያወጣው ሞለኪውል ለሳልሞኔላ «ኤሊ ውስጥ ነህ» እንደ ማለት ሊሆን ይችላል። አይሮሞናስ ግን ለሳልሞኔላ ብሎ አላወጣውም፤ እኔ ቢያንስ ይህን ለማመን የሚያደርስ ምክንያት አይታየኝም። ያው ሞለኪውል፣ በዚያው አንጀት ውስጥ፣ ለአንዱ ምልክት፣ ለሌላው ፍንጭ ነው። የተቆረጠው ጂን ሁለቱን አይለይም። ለመለየት ሌላ ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል፤ አይሮሞናስን ሳልሞኔላ ባለበትና በሌለበት ለብዙ ሺህ ትውልድ አሳድጎ፣ ሞለኪውሉን ማውጣቱ በጎረቤቱ ምክንያት ይለወጥ እንደሆነ መጠበቅ።